ወንበሩን ለቅቄልሃለሁ

ውድ ጥድፊያ፣

ስልኩን ስለጠረቀምክብኝ ደብዳቤ ጻፍኩልህ። ደብዳቤ አይጠረቀምም። ትቀደው ይሆናል፤ ለልጅህ ግን ሌላ ቅጂ ልኬላታለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ እንደ ልማድህ አታቋርጠኝ። ባለፈው ሳምንት የቴሌቪዥን ጣቢያው አዲሷ ዳይሬክተር እቤቴ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ጋሼ፣ እናንተን እያየሁ ነው ያደግኩት» አለችኝ።

«እሱን እያየሽ ነው ያደግሽው። እኔ ጠረጴዛው ነኝ» አልኳት።

ጣቢያው የተመሠረተበትን ቀን ሲያከብር እኔ አለቃው፣ አንተ ተላላኪው ጥድፊያ የሆንንበት ቀልድ ለአንድ ምሽት ይመለስልን አለች። በቀጥታ ስርጭት፣ ተመልካች አዳራሹን ሞልቶ! ያለ እሱ አልሠራም ብዬ ፊቴን አጠቆርኩባት። «ያለ እሱማ ማን ሊያየው?» አለችኝ። ያኔ ወደድኳት።

ወዲያው ደወልኩልህ። «የማንን ፊት ይዤ?» አልከኝ። «ከታመምኩ ወዲህ ግማሽ ፊቴ በድን ነው። ቅንድቡን ማንሳት ያቃተው ሰው ማንን ሊያስቅ ነው?» ከዚያ ጠረቀምክብኝ።

ቅንድብህን መቼ አጣሁት? የመጀመሪያ ቀናችን ትዝ ይልሃል? ሻይ አስቀምጠህልኝ ልትወጣ ስትል የበሩ እጀታ ተነቅሎ እጅህ ላይ ቀረ። በቀጥታ ስርጭት! ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሳይቀር ደርቆ ቀረ። አንተ እጀታውን አየኸው፣ በሩን አየኸው፣ ቅንድብህን አነሳህና በእጀታው በሩን አንኳኳህ። እኔም ሳላስበው «ግባ!» አልኩህ።

«መውጣት ነበር የፈለግኩት፣ ጌታዬ።»

አገር ምድሩ ሳቀ። በማግስቱ የአውቶቡሱ ሾፌር በር ከመክፈቱ በፊት «እጀታውን ይዘሃል?» አለህ። ከዚያ ወዲህ ፀጉርህ እስኪሸብት ድረስ ሳምንት በሳምንት በዚያ በር ገባህ፤ መሰላል ተሸክመህ፣ የገዛ ኮትህ እጅጌ ውስጥ ጠፍተህ፣ አንዴ ደግሞ በሩን ራሱን ገንጥለህ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት የተኛችው እህቴ «ስፌቴ ሊፈታ ነው፣ ቴሌቪዥኑን ዝጉልኝ!» እያለች ነርሷን ለመነቻት። ነርሷ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ስትስቅ ነበር።

ልንጀምር ስንል ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለህ «አንድ ቀን አስቅሃለሁ» ትለኝ ነበር። አንድም ቀን ካሜራ ፊት አላሳቅከኝም። «ይሄ ሰው ድንጋይ ነው» እያልክ ለሰው ሁሉ አወራህ። ድንጋይስ አልነበርኩም፤ ጉንጬን ከውስጥ እየነከስኩ ነበር። ጠባሳው ዛሬም ምላሴን ያደናቅፈዋል። ሜካፕ የምትሠራልን ሴትዮ ብቻ ታውቅ ነበር፤ በመጣህ ቁጥር ጥጥ ታዘጋጅልኝ ነበር። ትወና ያስተማረኝ የለም፤ መስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን ማሰር ተማርኩ፣ ሙያዬ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ዋናውን ስማ። ስልኩን ስትጠረቅምብኝ በንዴት ብድግ ስል እግሬ ምንጣፉን ጠልፎ ከነወንበሬ ተዘረርኩ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። ጭንቅላቴ በወንበሩ መደገፊያ ቀዳዳ ሾልኳል። ፊቴን እንደ አለቃው አስሬ ቀና ብዬ «ምን ያስቃል?» አልኳት።

ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራታ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልጆች ወልደን ስንድር በእኔ ስቃ የማታውቅ ሴት! እንባዋን ጠርጋ ምን አለችኝ? «እስቲ ድገመው!»

ደገምኩት። ገባህ፣ ጥድፊያ? ቦታ እንቀያየራለን! አንተ አለቃ፣ እኔ ተላላኪ! ለአለቃው የሚያስፈልገው የማይንቀሳቀስ ፊት ነው። እኔ በስንት ንክሻ ያገኘሁትን አንተ በነጻ ይዘኸዋል። አዘነልኝ እንዳትል፤ ማዘን እንደማላውቅበት ታውቃለህ። ቀንቼብህ ነው። ምላሴ ይተሳሰራል ትል ይሆናል። ይተሳሰር! አለቃው ከ«ግባ!» ሌላ ብዙ ቃል የለውም። ያዩኛል ትል ይሆናል። ይዩሃ! ሊያዩህ አይደል የሚመጡት?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እወድቃለሁ። ከቁርስ በፊት እወድቃለሁ፣ ከምሳ በኋላ እወድቃለሁ። ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ትቆምና «እጅህ ዘገየ! እሱ እንዲህ ነበር የሚወድቀው?» ትለኛለች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን መጥቶ አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ መንኳኳት ቤት ልትቀይሩ ነው እንዴ?»

«ሥራ ልቀይር ነው» አልኩት።

ጉልበቴ አብጧል፣ ክርኔ ተልጧል፤ እንዲህ ወደ ሥራ ቸኩዬ ግን አላውቅም።

ለዳይሬክተሯ እሺ ብያታለሁ፣ ለሁለታችንም። አላማከርኩህም፤ ብትጮህም አልሰማም። ቅዳሜ መኪና ደጅህ ድረስ ይመጣል። ጠረጴዛችንም ያ በርም ከመጋዘን ወጥተዋል፤ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። የእጀታውን ብሎን በገዛ እጄ አላልቼዋለሁ።

ወንበሬ ላይ ትቀመጣለህ። መብራቱ ሊበራ ሲል ጆሮህ ሥር ጠጋ እላለሁ። ያን ጊዜ የምልህን ከወዲሁ እወቀው፦ አንድ ቀን አስቅሃለሁ።

በግማሽ አፍህ ብትስቅም ይቆጠርልኛል።

ተላላኪህ