የአል ባርሻው ቪላ ሲቀዘቅዝ

ሰኞ፣ ግንቦት 10። ጠዋት 3 ሰዓት
ፎጣ ጠቅልዬ በኩሽናው የጓሮ በር ሥር እየወተፍኩ ሳለ ደወል ተደወለ። ረጅም ሱዳናዊ፣ ቦርሳ የያዘ። ኢንጂነር ኦስማን ይባላል። ቤቱ ለምን ይህን ያህል መብራት እንደሚበላ ሊመረምር መጥቷል። ያስጠራችው ማዳም ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ሰፊ ቪላ ያለነው እሷና ሠራተኛዋ እኔ ብቻ ነን። የመብራት ቢል በመጣ ቁጥር ሳሎን ቁጭ ብላ ብቻዋን ስታጉረመርም እሰማለሁ።

ኢንጂ. ኦስማን ካሜራ አወጣ። ፎቶ ሊያነሳኝ መስሎኝ ሻሼን አስተካከልኩ። ሳቀ። ለካ ካሜራው የሚያየው ሙቀት ነው! ቀዝቃዛው ሰማያዊ፣ የሞቀው ቀይ፣ በጣም የጋለው ነጭ። ፎጣዬ ባልደረሰበት ጥግ ቀይ ነገር ወደ ውስጥ ይፈሳል። ዋላሂ ደብተሬ፣ ሙቀትን በዓይኔ አየሁት። እዚህ ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሙሉ በቆዳዬ ብቻ ነበር የማውቀው።

“ፎጣውን ማን አደረገው?” አለኝ።
“እኔ።”
“ሌላስ የት የት ትወትፊያለሽ?”

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ከነገ ወዲያ ሲመለስ አሳየዋለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12። ከሰዓት
አሳየሁት። ፎቅ ላይ ያለው የመታጠቢያ ቤት መስኮት፣ ሲዘጋም የማይገጥመው። የሳሎኑ መጋረጃ፣ ሰው ሳይነካው የሚንቀሳቀሰው። በዕቃ ቤቱ ጣሪያ ያለፈው የኤሲ ቱቦ፣ በመገጣጠሚያው በኩል ቀዝቃዛ አየር የሚተፋው። ዕቃ ቤቱ ከሳሎኑ ይቀዘቅዛል፤ ሽንኩርትና ድንች እዚያ የማስቀምጠው ለዚህ ነው። ኢንጂ. ኦስማን ሁሉንም ጻፈ። ማዳም ከኋላችን እየመጣች፣ ከሁለታችሁ ኢንጂነሩ ማነው አለች። ስትቀልድ ከሰማኋት ቆይቻለሁ።

ከዚያ የእኔን ክፍል ማየት ፈለገ። ከኩሽናው ጀርባ፣ ለብቻዋ የወጣች ክፍል። ማዳም አያስፈልግም፣ የሠራተኛ ክፍል ናት አለች። እሱ ግን መብራቱ የሚቆጠረው በአንድ ቆጣሪ ነው ብሎ ገባ። ካሜራውን ወደ ጣሪያው አቀና። ነጭ። ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ።

ማዳም ካሜራውን ተቀብላ አየችው። እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈችና ቶሎ አነሳችው። አልጋዬ ላይ ቁጭ አለች። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚህ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። አንሶላው አለመነጠፉ አሳፈረኝ።

“እዚህ ውስጥ እንዴት ትተኛለሽ?”
“ኤሲውን እከፍታለሁ፣ ማዳም። ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም።”
“ለምን አልነገርሽኝም?”

ነግሬያታለሁ። ሁለት ጊዜ። ወደ ኦስማን ዞራ ሥራው ከዚህ ይጀመር አለችው። ኸላስ፣ አለቀ።

ሰኞ፣ ግንቦት 24
ቤቱ በሠራተኛ ተሞልቷል። የኔ ጣሪያ ላይ ወፍራም ሙቀት መከላከያ ተነጠፈ፣ ከላዩ ነጭ ቀለም። ቀጥሎ የትልቁ ቤት ጣሪያ። በበሮቹ ዙሪያ ጎማ። በመስኮቶቹ ላይ ስስ ላስቲክ ለጠፉ፤ ብርሃን ያስገባል፣ ሙቀት ይመልሳል። እንዴት ይለየዋል? ብርሃኑና ሙቀቱ የሚመጡት ከአንድ ፀሐይ አይደለም እንዴ? ኦስማንን ጠየቅኩት። ምሳውን ትቶ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። ግማሹ ገባኝ።

ትናንት ከሰዓት ኤሲውን አጥፍቼ ተኛሁ። ሰላም ያለው እንቅልፍ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18
ቢሉ መጣ። ማዳም መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፣ አውልቃ ጠረገችው፣ እንደገና አነበበችው። ከአምናው ሰኔ በጣም ወርዷል። ለኔ ሰጠችኝ፤ እኔም አነበብኩት። ሁለታችንም ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ሳቅን።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 23
ሳቃችን አምስት ቀን ቆየ።

ልጇ ኸሊል ከሻርጃ መጣ። የሚኖረው አል ተዓውን ነው፣ አፓርታማ። ደላላ አነጋግሯል። የታደሰና ቢሉ የወረደ ቪላ አሁን ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ ሳይውል ሳያድር ይሸጥ አለ። ማዳም እሱ ዘንድ ትግባ፣ ጉልበቷም ደረጃ እንቢ ብሏታል። ሻይ እያቀረብኩ ሰማሁ። ስለ እኔ ማዳም ጠየቀችው። አፓርታማው ጠባብ ነው፣ የሠራተኛ ቦታ የለውም አለ።

ቀዳዳዎቹን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ቤቱን ያስወደድኩት እኔ ነኝ!

ደሴ ደወልኩ። እናቴ፣ ልጄ ነይ፣ ዓይንሽን ልየው ትላለች። የመንግሥታችን እገዳ ግን አልተነሳም። ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር አይላክም። ለዕረፍት ገብተው እዚያው የቀሩ አውቃለሁ። ከሄድኩ በሩ ከኋላዬ ይዘጋል። የታናናሾቼ የት/ቤት ክፍያ ደግሞ ከእኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 4
ገዢ መጣች። ግብፃዊት ዶክተር፣ ባሏና ሦስት ልጆቿ አብረዋት። ቤቱን ዞራ በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች፤ ቢሉ እውነት ነው ወይ አለች። ሁሉንም አሳየኋት፣ የተቀየረውንም ያልተቀየረውንም። የውሃ ታንከሩ ፀሐይ ላይ እንደሆነና በሐምሌ ቀዝቃዛው ቧንቧ እንደሚያቃጥልም ነገርኳት። ኸሊል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ዶክተሯ ግን እየጠየቀችኝ ቀጠለች።

ሲወጡ ለማዳም እንዲህ አለቻት፦ “ቤቱን እንወስዳለን። ልጅቷም ከቤቱ ጋር ትቅርልን።”

እንደ በሩ? እንደ መስኮቱ? ደሜ ፈላ። ማዳም ግን ቀደመችኝ።

“ዘሃራ ከቤት ዕቃ ጋር አትቆጠርም። የምትፈልጊያት ከሆነ ራሷን ጠይቂያት።”

ስሜን ጠራችው፣ በሰው ፊት። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዶክተሯ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። መልስሽን ሰኞ ለማዳም ስጫት አለች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 6። ከሰዓት 10 ሰዓት
ማዳም ተኝታለች። ሁለት ቀን አሰብኩ። እቀራለሁ። ግን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ቪዛዬ ወደ ዶክተሯ ሲዛወር ፓስፖርቴ ከእጄ አይወጣም። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ የኔ ነው፤ አል ተዓውን ሄጄ ማዳምን አያለሁ። ጉልበቷን ማን ያሽላታል? ኸሊል?

ዶክተሯ እንቢ ካለች አገሬ እገባለሁ። በሩ ቢዘጋብኝም። ለእናቴም ጠዋት ይህንኑ ነገርኳት፤ አንቺ ያልሽው ይሁን አለች።

በዓረብኛ ሁለቴ ተለማመድኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ማዳም ተነስታለች መሰለኝ፣ ነጠላ ጫማዋ ይሰማኛል። ልሂድና አሁኑኑ ልንገራት።