ከቆጠራ የወጣው ፋይል

ኅዳር 4
ጠዋት መብራት አልነበረም። አምስት ሰዓት ላይ መጣ። አለቃዬ ጋሽ አምሀ፣ «ረጂው ድርጅት ኮዳችሁ ከመቶ ስንት እጁ በቴስት ተፈትሿል ይላል። ሰማንያ ካልሞላ አይረከቡንም» አሉኝ።
የስልክ መተግበሪያችን የእንስሳውን ዓይነትና ክብደት ይቀበልና የመድኃኒቱን መጠን ይናገራል። ኮዱ ወደ መተግበሪያ በሚገነባበት ቢልድ ላይ አንድ መሣሪያ ልጨምር ነው። በየመስመሩ ቆጣሪ ይከታል። ቴስት ሲሮጥ የተነካውን መስመር አረንጓዴ፣ ያልተነካውን ቀይ ያደርጋል። ቀላል ነው... አልኩ።

ኅዳር 5
ምኑ ቀላል! ሁሉም ዜሮ። ግማሽ ቀን አንገቴን ደፍቼ ፈለግኩ። ለካ ቴስቱ የሚሮጠው ቆጣሪ በሌለው አሮጌ ቢልድ ላይ ኖሯል። አጥፍቼ እንደ አዲስ ገነባሁ። ቆጠረ። ስልሳ ስምንት።

ኅዳር 6
የግመሉ ፋይል ከላይ እስከ ታች ቀይ። ቴስቶቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ... ላም፣ በሬ፣ ጥጃ፣ በግ። ነገሌ ካምፕ ውስጥ ያደገ የሻምበል ልጅ ስለ ግመል ምን ያውቃል? የግመል ቴስት መጻፍ ነበረብኝ። ሰለቸኝ። ፋይሉን ከቆጠራው አወጣሁት። ሰማንያ ሦስት!
«አበጀህ!» አሉ ጋሽ አምሀ።
የእንስሳት ሐኪማችን ራሕማ ስልኩን ለሙከራ ወደ ሊበን ልትወስድ መጣች። «ግመልም ይችላል?»
«ይችላል» አልኳት።

ኅዳር 11
ራሕማ ተመለሰች። በኦሮምኛ «አካም» ብዬ ሰላም ብላት ሰላምታዬን ሳትመልስ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። የአጎቷ የአቶ ሳቢር ግመል... ስልኩ ባለው መጠን መርፌውን ወግታት ግመሏ ወደቀች፣ በማግሥቱ ሞተች። «ክብደቷን አብዝቼ ገምቼ ነው። ወላሂ፣ እጄ ነው የገደላት» ትላለች።
ግመሉን ሳልሞክር ይችላል እንዳልኳት አልነገርኳትም። ለምን?

ኅዳር 12
ብቻዬን ሞከርኩት። ለግመል የሚያዘው የበሬ መጠን ነው፤ የመድኃኒቱ መመሪያ ደግሞ ያ መጠን ግመል ይገድላል ይላል። የራሕማ እጅ አይደለም።

ኅዳር 14
አጎቷ እንስሶቼን እንዳትነኪ ብለዋታል። ሥራውን ልተው ትላለች። ለጋሽ አምሀ እውነቱን ነገርኳቸው። «ግመሏ እንደሆነ ሞታለች። ማን ያያል? ርክክቡ ይለፍና...» አሉ።
ለአፍታ ደስ አለኝ። ወዲያው ራሴን ጠላሁት።

ኅዳር 15
ከራሕማ ጋር በአይሱዙ ሊበን ሄድን። አቶ ሳቢር ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። «ሳልሞክረው ይሠራል አልኳት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው።»
አቶ ሳቢር ወደ ግመሎቻቸው ዞሩ። በመጨረሻ፣ «አርግዛ ነበር» አሉ።
ስንመለስ ራሕማ፣ «አራት ቀን ሙሉ እጄን ስረግም አጠገቤ ነበርክ» አለችኝ።

ኅዳር 23
ስህተቱን አርሜያለሁ። ፋይሉንም ወደ ቆጠራው መለስኩት። ስልሳ ስምንት ብለን ላክን፣ ርክክቡ ተራዘመ። ጋሽ አምሀ አኩርፈውኛል። የግመሉን ቴስት ከራሕማ ጋር ጻፍን፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ዛሬ የግመሉ ቀይ አለቀ።
ስልኩን ይዛ ለሌላ ሙከራ ወደ ያቤሎ ከመሄዷ በፊት ወንበር ስባ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጠች። የቆጠራውን ሪፖርት ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች።
«እኔ አይቼዋለሁ» አልኳት።
ቀና አላለችም። ማንበቧን ቀጠለች።