ለአዳራሹ የዘጋሁት ማይክ

ጥቅምት 13
ታዲያ የሐሙሱን ፕሮግራም ሰዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ እንዴ? አስተባባሪዋ ናት! ባንክ ነው የምትሠራው፣ ሁሉን ነገር በደቂቃ ነው የምታስበው። «ስማ አንተ፣ ባለፈው ሐሙስ ሦስት ደቂቃ አሳልፈሃል» ትለኛለች። እኔን! እዚህ ቸርች ውስጥ ከእኔ የተሻለ ሳውንድ የሚሠራ ካለ ይምጣና እንተያይ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ነው ያቆምኩት፣ ሚክሰሩን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነካው።
የሐሙሱ ፕሮግራም ከሥራ ለሚወጡ ባለሙያ ወጣቶች ነው። ባጅ አንገታቸው ላይ፣ ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ። አምሳ ደቂቃ፣ አለቀ። «ካራዘምንባቸው አይመጡም» ትላለች። ፓስተር ለእሷ ትተውታል።

ጥቅምት 15
ምስክርነት ላይ አንዱ መሐንዲስ ተነሳ። ማይክ ያዘ። ዝም... ዝም... «አንድ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት» አለ። አስተባባሪዋ ከፊት ሆና እጇን አንገቷ ላይ አሳለፈች። ቁረጥ ማለቷ ነው። ቆረጥኩ። ጊታሩ ገባ፣ ሁሉም ለመዝሙር ተነሳ።
የዘጋሁት ለአዳራሹ ነው። በእኔ ሄድፎን ይገባል። ሰውዬው አላቆመም። «ሳላየው የፈረምኩበት ሕንጻ አለ። የደረጃው ብረት አንሷል። ሰው ገብቶበታል።» ከዛ ማይኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ።
ኬብል ጠቀለልኩ። ምንም አልመሰለኝም። ርቦኝ ነበር፣ በላሁ።

ጥቅምት 16
እኔ ምን አገባኝ?

ጥቅምት 22
መሐንዲሱ አልመጣም። በአርባ ዘጠኝ ደቂቃ ጨረስን። «ጎበዝ!» አለችኝ አስተባባሪዋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት ሙሉ አወራበት ነበር...

ጥቅምት 25
ከእሑድ አምልኮ ሰው ከወጣ በኋላ መሐንዲሱ ያለውን ለፓስተር ነገርኳቸው።
«ከአንተ ሌላ ማን ሰማ?»
«ማንም።»
ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አስተባባሪዋን ጠሯት። የሕንጻውን ነገር አልነገሯትም፣ «ንስሐ ሊገባ የተነሳ ሰው ቆርጠናል» ብቻ።
«ፓስተር፣ ሰዓት ካላከበርን እኮ አንድም ሰው አይቀርልንም።»
«ሰዓቱ ይከበር፣ የቸኮለ ይሂድ። የተነሳ ሰው ግን አይቆረጥም። እዚህ የሚመጣው ምን ሊያገኝ ነው ልጄ? ጊታር?»
አለቀሰች። እኔ ቆሜ አየኋት። ለምንድነው እኔ የማላለቅሰው?
ወደ እኔ ዞሩ። «የሰማኸው አንተ ነህ። ፈልገው። ዛሬ።»

ጥቅምት 26
ስልኩን ከመመዝገቢያው ወረቀት አገኘሁት። ትናንት አምስቴ፣ ዛሬ ሰባቴ ደወልኩ። አያነሳም። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም... ጻፍኩለት። እዚህም ልገልብጠው።
«የሐሙሱ ሳውንድ ነኝ። ማይክህን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። በሄድፎን ግን ሁሉንም ሰምቻለሁ። ለፓስተር ብቻ ነው የነገርኩት። ሄደህ ለሚመለከተው ስትናገር እሳቸውም እኔም አብረንህ እንሄዳለን። ሰው በዛ ደረጃ እየወጣ ነው። ሕንጻው የት ነው? አሁኑኑ መልስልኝ!»