የደረጀ ቢጫ ቀለም

ጥቅምት 12፣ ሚካኤል፣ ጠዋት

የደሬን ቱታ ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ውሃው አሁንም ቢጫ። የቀለሙ ዱቄት አይሟሟም፤ ከሳፋው ሥር ይዘቅጣል። ፀሐይም አያደበዝዘው። ደንበኞቹ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ባሌ የብረት በር ሲቀባ አንድ እጅ ቅብ ይበቃዋል፣ ዝገት አይደፍረውም። ከጀጎል ግንብ ውጭ ቢጫ በር ከታየ የእሱ እጅ ነው።

ዛሬም ነሰረው። አቧራ ነው ይላል። ሳሉንም አቧራ ነው ይላል።

ጥቅምት 14

ሆ/ታል። በግድ ወሰድኩት። ዶ/ሯ ልጅ እግር ናት። አፍንጫውን በመብራት አየች። ሁለቱን ቀዳዳ የሚለየው ግድግዳ ተበስቷል። ሥራውን ጠየቀችው፤ ቀለሙንም። ራጅ ተነሳ፤ ሌላም ምርመራ ታዘዘ።

ስንመለስ ሲቀልድ ነበር፦ በስተርጅና እንደ ሙሽራ አፍንጫዬ ተበሳ እያለ። ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 21፣ ማርያም

ውጤት። ሳንባው ላይ ካንሰር። ተሰራጭቷል።

ለሁለታችን ነገረችን። ቢጫው ዱቄት እርሳስና ክሮሚየም የተዋሃዱበት ነው። በሩ ላይ ደርቆ ሲቀመጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ክፋቱ ዱቄቱ ሲበጠበጥ፣ ሲረጭ፣ አሮጌው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ። ያኔ በትንፋሽ ይገባል። ክሮሚየሙ አፍንጫና ሳንባ ይበላል። እርሳሱ ደም ውስጥ ይገባል፤ ሕፃናት ላይ ይብሳል። እርሳስ ስትል የተማሪ መጻፊያ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ማዕድኑን ነው።

ከዚያ ብቻዬን አስቀረችኝ። ዱቄቱ በልብስም ቤት ይገባል አለች። ፅንስ ወርዶብሽ ያውቃል? ሁለት ጊዜ አልኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚህ የመጣ ነው ብዬ መማል አልችልም፣ ግን ሊሆን ይችላል አለች። ደሜ አ.አ. ተልኮ ቢመረመር እርሳስ ይኑርበት አይኑርበት ይታያል። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ደሬ በረንዳው ላይ። ምን አለችሽ? ስለ ምግብህ ነው አልኩት።

ጥቅምት 27

አብዲ መጣ፤ የሥራ ባልደረባው። ፓፓያ ይዞ። የተረፈውን ዱቄት ሊወስድ ነው፤ ድሬ ጠያራ ወረዳ ላለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ዥዋዥዌ ሊቀባበት። ደሬ ከትራሱ ቀና አለ።

"አብዲ፣ ያንን ለልጆች እንዳትቀባ።"

"አቦ ደሬ፣ ስንት ዓመት ቀባነው እኮ!"

"እኔን አየኸኝ አይደል?"

አብዲ መሬት መሬቱን አየ። ወላሂ አልነካውም አለ። ዓይኑን እየጠራረገ ሄደ።

ደሬ ወደ እኔ ዞረ። ልጅ የሚጎዳ ከሆነ፣ በሆድ ያለውንስ? አለኝ።

ሽሮው አረረ ብዬ ወጣሁ። ሽሮ አልጣድኩም።

ኅዳር 5

ተጋድሞ መተኛት አቃተው። ተቀምጦ ያንቀላፋል። ጀርባውን ደግፌ እውላለሁ።

መድኃኒት ልገዛ ስወጣ ደሬ የቀባው አንድ ቢጫ በር አየሁ። ድንጋይ አነሳሁ። እውነት፣ አነሳሁ። የቤቱ እመቤት ብቅ አሉ፤ አሮጊት ናቸው። ደረጀ እንዴት ነው? በሩ እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ነው በይው፣ እጁን ይባርከው አሉኝ። ድንጋዩን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ።

ያሉትን ለደሬ ነገርኩት። ደስ አለው። ደስ ስላለው ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 12

ዶ/ሯ ደወለች። ደምሽን መቼ ትሰጪያለሽ? ደሬ አጠገቤ ነበር፤ ድምጿ ይሰማል።

ስልኩን ስዘጋ እጄን ያዘ። ተመርመሪ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ አለኝ። ከአልጋ መውረድ የማይችል ሰው።

"በወረዱት ልጆቻችን ላይ ያመጣሁት እኔ ከሆንኩ ልወቀው" አለ።

"አውቀህ ምን ልታደርግ?"

"ይቅርታ ሳልጠይቃቸው እንዳልሄድ።"

ትራሱን አስተካከልኩ፤ ተስተካክሎ የነበረውን።

ማስታወሻዬ፣ ወስኛለሁ። እሱ እስካለ ደሜን አልሰጥም። ነገ ነጠላዬን ለብሼ እወጣለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጬ ስመለስ ደሜን ሰጠሁ እለዋለሁ። ከሰነበተ፣ ውጤቱ መጣ እለዋለሁ። ንጹሕ ነው እለዋለሁ። ንስሐ አባቴ የፈለጉትን ይፍረዱብኝ። አንተ አይደለህም ደሬ፣ ልጆቹ ዝም ብለው ነው የሄዱት እለዋለሁ።