ያልነበረውን ቦታ ላደሉን ኃላፊ

ለሆስፒታላችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ፤ እንቅልፍዎ ሰላማዊ እንደሆነ ስለማውቅ ስለ እሱ አልጠይቅም። እኔ የራጅ ክፍሉ ባለሙያ ነኝ። የሰው ሳንባና አጥንት አነሳለሁ፣ እርስዎ ደግሞ ያስቀምጡልኛል ተብሎ ይታመናል።

፩. ስለ ልግስናዎ አመሰግናለሁ። አዲሱ የመረጃ ማከማቻ በተመረቀ ዕለት ለራጅ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለካርድ ክፍልና ለፋርማሲ ሰፋፊ ቦታ ሲያድሉ እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። የአራታችን ድርሻ ሲደመር ከተገዛው ዲስክ ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ግን ትንፍሽ አላሉም። ዘዴው በራሱ ነውር እንደሌለው የራስዎ ሠራተኞች አስረድተውኛል፤ ሁሉም ድርሻውን በአንድ ጊዜ ስለማይሞላው፣ አሞላሉን በየዕለቱ እየተከታተሉ ዲስክ መጨመር ብቻ ነው። ተከታታይ ሰው ግን ይፈልጋል።

፪. ስለ ጸጥታ ወዳድነትዎም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ማከማቻው ሰማንያ በመቶ ሲሞላ በኢሜይልዎ እየገባ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ስብሰባዎን ስለረበሸ፣ ጢም ብሎ ሲሞላ ብቻ እንዲጮኽ አዘዙ። ከዚያ በኋላ ስብሰባዎ ተረብሾ አያውቅም።

፫. አሁን ባለፈው ሳንባውን ሊቀደድ ወደ ገባው አናጺ ልምጣ። በዚያ ጠዋት ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሳንባውን ምስል አንስቼ ላክሁ። ኮምፒውተሬ ከድርሻዬ ግማሹ ገና ባዶ መሆኑን ያሳየኝ ስለነበር ልቤን ጥዬ ሄድኩ። ሰውየው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ወደ ስክሪኑ ቢዞር፣ ምስሉ የለም። ማከማቻው ሞልቶ ምንም መቀበል አቁሞ ነበር። አናጺውን ሳይነኩት ቀሰቀሱት። ባለቤቱ በተሽከርካሪ አልጋ ሲወጣ አይታ፣ እሰይ አለቀ ብላ እጄን ሳመችው። እውነቱን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬም ተናድጄም አላውቅም።

፬. ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ ሐሰት እንዳልተናገሩም እመሰክራለሁ። ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ተልኮልዎ ነበር። ነገር ግን የኢሜይል ሳጥንዎን ያስቀመጡት እዚያው በሞላው ማከማቻ ላይ ስለሆነ፣ መልእክቱ ራሱ ቦታ አጥቶ ቀረ። ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ የለጠፍኩትም ሳጥንዎ እስካሁን ስላልተከፈተ ነው።

ላልሰጡን ቦታ ሁሉ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ጋር ያለዎት ፍቅር እንዲጸናልዎ እመኛለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮትና ከማይበርድ ንዴት ጋር፣
የራጅ ክፍሉ ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ከቢሮዎ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሴት የአናጺው ባለቤት ናት። ነገ ባሏን ዳግም ከማስተኛታቸው በፊት፣ ቦታ መኖሩን ከእርስዎ አንደበት ካልሰማሁ የቀዶ ሕክምናውን ፈቃድ አልፈርምም ብላለች። በጓሮ በር ለመውጣት ካሰቡ ደግሞ፣ እዚያ የተቀመጡት እናቱ ናቸው።