ፍርድ ቤት ውስጥ ያልኩት አሜን

ወንድሜ ክሊዮፈስ፣

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ መኪናዬን ራሴ እነዳለሁ፣ ዓሣዬን ራሴ አጠምዳለሁ፣ ይህንንም ካርድ ማንም ሳያግዘኝ እጽፋለሁ። ባለቤቴ ኤርሊን ስትሞትብኝ እኔንም «ሞቷል» ብለው ከመራጮች መዝገብ እንደሰረዙኝ ታውቃለህ። ዛሬ እዚህ ጃክሰን፣ በክረምቱ ለሰው መብት ሊሟገቱ ከመጡት የሕግ ተማሪዎች አንዷ፣ ጃሊሳ፣ ዳኛው ፊት ቆመችልኝ። የፍርድ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ልክ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ነው፤ የማቀዝቀዣው ብርድ ግን አጥንት ይሰብራል። የልጅቱ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ አላስቻለኝም፤ እሁድ እሁድ ለሰባኪያችን እንደምንጮኸው «አሜን! ንገሪያቸው ልጄ!» ብዬ ጮህኩ።

ዳኛው «አባባ፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አሉኝ።

«ታዲያ ጌታዬ፣ የሞተ ሰው እንዲህ ይጮሃል?» አልኳቸው።

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ጃሊሳም ቀና ብላ እንደ ሰባኪ አንበለበለችው። ስሜ ተመለሰልኝ፣ ክሊዮፈስ!

ቦታ አለቀብኝ፤ ባለቤትህን ቬልማንና ልጆቹን ሳምልኝ። ያለብኝን ዕዳ ማንም አይከፍልልኝም፣ ራሴው እከፍላለሁ፦ ለጃሊሳ በእጄ ያጠመድኩት አንድ ባልዲ ዓሣ፣ ለዳኛው ይቅርታ፣ አንተን በምርጫው ቀን በመኪናዬ ማድረስ፣ ለኤርሊን ደግሞ መቃብሯ ድረስ ሄጄ ገና እንደማልመጣ መንገር።

ኦዴል