የሌሊሴ ሦስት ጆንያ በቆሎ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ጠዋት ስምንት ኩንታል በቆሎ ከኡኬ ገበሬዎች ወደ እህል መደብሬ ገባ፤ አምስቱ ተሸጠ።

ቤት ስመለስ የልጄ የሌሊሴ በቆሎ ሸራ ላይ ተሰጥቶ አገኘሁ። ለስምንተኛ ክፍል ጥናቷ ከመስከረም ጀምሮ አንዱን ጆንያ በአመድ፣ ሁለተኛውን በባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሦስተኛውን ያለ ምንም አስቀምጣ በየሳምንቱ ነቀዙን ስትቆጥር ከርማለች። ባለቤቴ እህል በነቀዝ ሲበላ ማየት አላስችል ብሏት ሦስቱንም ደባልቃ ፀሐይ አስመታችው።

«ላድንልሽ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ» ትላታለች።

«የቀረውን ቆጠራ በግምት ሙዪው» አልኩ እኔ።

«አባ፣ አንተ ሳትመዝን ትገዛለህ?»

ጥናቱ የሚቀርበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እንደገና የሚጀመርበት ጊዜ የለም። ሌሊሴ ራቷን ሳትቀምስ ተኛች። ከእንግዲህ ምንም እንደማትጀምር ለእናቷ ነግራታለች።

ነገ የተደባለቀውን በቆሎ አስበጥሬ ወፍጮ ቤት እልካለሁ።